ዓርብ ስለ ፈሰሰው ውሃና ስለ ታሰሩት የውሃ አባት

ለቆላ ይፋት ወንዞች ተፋሰስ ልማት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሸዋ ሮቢት

ሰኔ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም አንድ ሰው ስለ ማስፈታት

ክቡር ጓድ ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የቆላችን ሙቀት እንዳያገኝዎ፣ የቢሮዎ ማራገቢያ አንድም ቀን እንዳይቆምብዎ፣ ወባም የድርጅቱን አጥር ሳትሻገር በለመደችን በእኛ ብቻ ተወስና እንድትኖር ከልብ የመነጨ ምኞቴን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ያልሆኑ ሰው ቢኖሩ አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚገኙት እኛ ዘንድ ሳይሆን በፖሊስ ጣቢያ ስለሆነ ከቁጥራችን አይገቡም።

እኔ ዘውዴ በላይ የተባልኩ፣ በሮቢ ወንዝ ራስጌ በኩል ሽንኩርትና በቆሎ የማለማ፣ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። መልኬን ባያስታውሱት እንኳ የእጅ ጽሕፈቴን አይዘነጉትም፤ ድርጅቱ ይቋቋምልን ብለን የለመንበትን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ ጽሕፈቱ አምሯል ተብሎ በመስታወት ተደርጎ ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሏል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በበሩ ላይ የተተከለው የሂስና የአስተያየት ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ ዓመት ከመንፈቅ ስለሆነው፣ ውስጥ ያለውንም ያለፈውን ዓመት ሂሳችንን ሳይነበብ ምስጥ ስለበላው፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ አድርጌ አንዱን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ፣ አንዱን ነገ ዓርብ በመስጊዱ በር፣ አንዱን እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ሂስ ያለ ግለሂስ አይረባም ብላችሁ ስላስተማራችሁን ሁለቱን አንድ ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ካስቸገረዎ፣ እኔንም አስቸግሮኛል።

1ኛ/ በመጀመሪያ ድርጅቱን ስለ ፈጠሩልን አመሰግናለሁ። በሚያዝያ ወር 1972 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያ በማኅበራችን የእህል መጋዘን ውስጥ ሰብስበውን፣ ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድ አገር ሁሉ እንደሆነ፣ ላይኛው ሲጎዳም ታችኛው እንደሚጎዳ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ሲያስረዱን በእውነት ተደንቀናል። ከዚያ በፊት እኛ የምናውቀው ጣርማ በር ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከብቶቻችንን ከወንዙ ማውጣትን፣ ደራሹ ጎርፍ ያመጣውን አፈር አይተንም የየትኛው ተራራ ቆዳ እንደተገፈፈ መናገርን ብቻ ነበር፤ ይህም ዕውቀት እንዳልሆነ ያን ዕለት ተረዳን። ጎረቤቴ እትዬ ጌጤ ከኋላ ሆነው «ይህንንማ በሬዎቹም ያውቁታል» ቢሉ ዞሬ ገላመጥኳቸው፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ «ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ በደስታ ተቀበለ» ብዬ ጻፍኩ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እትዬ ጌጤ ዝም ሲሉ እኔ ስልስ ነበር።

ድርጅቱም ተቋቋመ። ስድስት የመምሪያ ኃላፊዎች፣ አንድ ላንድሮቨር፣ ከበሩ የሚበልጥ የስም ሰሌዳ መጣልን። ቢሮው ወንዙ ከማይታይበት ቦታ መሠራቱም ሠራተኛው በውሃ ድምፅ ሐሳቡ እንዳይከፋፈል ታስቦ እንደሆነ ስለተነገረን አርቆ አሳቢነታችሁን አድንቀናል።

2ኛ/ ላይኛውን ተፋሰስ ለማዳን በጭነት መኪና ወደ ጣርማ በር ተዳፋት ወስዳችሁ ችግኝ ስላስተከላችሁን አመሰግናለሁ። የሚተከለው ቁጥር ከላይ ተወስኖ ስለመጣና ፀሐይም ስላዘቀዘቀችብን፣ ፕላስቲኩን ሳናወልቅ እየቀበርን ቁጥሩን ሞላን። የዚያን ቀን ሪፖርት የእኔ ጽሕፈት ነው። በመስከረም ወጥቼ ሳየው ከችግኙ ይልቅ ፕላስቲኩ ደኅና ነበር። ይህን የማነሳው ድርጅቱን ለመውቀስ ሳይሆን የእጄን ሥራ በቅደም ተከተል ለማስያዝ ነው።

3ኛ/ አሁን ወደ ውሃው እመጣለሁ። በወንዛችን ከድርጅቱ በፊት ውሃ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ነበረን። የውሃ አባታችን ጋሽ አሊዪ ናቸው፤ የግርጌ ሰፈር ሽማግሌ ሲሆኑ፣ የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየለኩ አርባ ዓመት ሙሉ ለሁለቱም ሰፈር ሲያካፍሉ በውሃ ምክንያት አንድ ቀን ዱላ ተማዝዘን አናውቅም። ራስጌው እኛ ክርስቲያኖቹ፣ ግርጌው እነሱ ሙስሊሞቹ ነን። ዓርብ የግርጌው ሰው ለጁምዓ ስለሚሄድ ውሃው ለራስጌው ይለቀቃል፤ እሑድና በበዓል ቀን የራስጌው ሰው አፈር ስለማይነካ ውሃው ለግርጌው ይወርዳል። እነሱ ሲሰግዱ እኛ እናጠጣለን፣ እኛ ስናስቀድስ እነሱ ያጠጣሉ። ይህን ውል የጻፈው የለም፤ የተጣላበትም የለም።

ሌላም ደንብ ነበር። ተራው ሳይደርስ ሰብሉ የከፋበት ሰው ብቻውን ወደ ውሃ አባቱ ሄዶ ይለምናል፤ የውሃ አባቱም ከራሱ ተራ ቆርሶ ወይም ከባለተራው ለምኖ ይሰጠዋል፤ የለማኙን ስም ግን ለሚስቱም አይነግርም። ውሃ የለመነ ሰው ስሙ አይነሳም እንላለን። ችግረኛው በሰው ፊት እንዳያፍር ነው።

የጥናት ቡድናችሁ በሰጠኝ ቅጽ ላይ «ተራው የተመሠረተበት ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ጁምዓና ቅዳሴ ብዬ ብጽፍ እነዚያ ባለመነጽር ወጣቶች ኋላ ቀሮች ብለው እንዳይስቁብን፣ አልፎም ሌላ ስም እንዳይሰጡን ፈራሁ። ስለ ፍርሃቱ ዘመኑ ይመስክርልኝ፤ ከፍርሃቱ የበለጠው ግን ዕፍረቱ ነበር። ጫማ ባደረገ ሰው ፊት በአባቶቼ ሥርዓት አፈርኩ። «ምክንያት የለውም፣ ልማድ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከስሩ ፈረምኩ።

4ኛ/ ምክንያት የሌለውን ነገር በሳይንስ ስላስተካከላችሁልን አመሰግናለሁ። በአዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ለማሳዎች ሁሉ ቁጥር ተሰጣቸውና ዓርብ ለግርጌው፣ እሑድ ለራስጌው ደረሰ። ውሃው አሁን የግርጌው ሰው ለሱጁድ ግንባሩን ሲደፋ ወደ እነሱ ማሳ፣ እኛ ቅዳሴ ስንቆም ወደ እኛ ማሳ ይገባል፤ የሚያቀናው ሰው ስለሌለም የሁላችንንም ጠርዝ ጥሶ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣል። ጀውሃ ከተማ ላይ ምሳ የሚበሉት የመኪና ነጂዎች በሳምንት ሁለት ቀን መንገዱ ረጥቦ ሲያዩ፣ እነዚህ ሰዎች በበጋም ይዘንብላቸዋል ብለው ቀኑብን አሉ።

ተራችንን እንለዋወጥ ብለን ስንለምን፣ «ተራ መለዋወጥ የሕዝብን ሀብት መስረቅ ነው» የሚል ደንብ በትልልቅ ፊደል ተለጠፈ። ድርጅቱ በወንዙ ላይ ለሠራው ግድብ በርም ጓጉንቸር ተገዛለት፤ መክፈቻው በሰሌዳው ሰዓት ብቻ በሚገኝ ሠራተኛ ኪስ ገባ። ጋሽ አሊዪም ወንዙ ከእንግዲህ አስተዳደር እንጂ አባት አያስፈልገውም ተብለው በወግ በማዕረግ ተሰናበቱ። በርክክቡ ቀን የመምሪያ ኃላፊው የሥራ መሣሪያና ሰነድ እንዲያስረክቡ በጠየቋቸው ጊዜ፣ መሣሪያዬ ጥላዬ ነው፣ ሰነዴም እዚህ ነው ብለው ግንባራቸውን ነኩ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም እየሳቅሁ «ተረካቢው ምንም አልተረከበም» ብዬ መዘገብኩ፤ ይህ ብቻ ከጻፍኳቸው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

እውነቱን ለመናገር ግድቡ ደኅና ግድብ ነው። ሁለት ክረምት ደራሽ መትቶት አልተነቃነቀም፣ የግንበኞቹ እጅ ይባረክ። ጉድለቱ ከእነሱ ሳይሆን ቅጹን ከሞላው ሰው ነው።

5ኛ/ ይህን ቁጥር ዘልዬ ወደ ስድስተኛው ባልፍ በወደድኩ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ዘንድሮ በዓቢይ ጾም መግቢያ፣ ሽንኩርቴ ጭንቅላት ሊቋጥር ሲል፣ ሁለት እሑድ በተከታታይ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ውሃው መጥቶ ወደ ጎዳናው ሄደብኝ። የቅጠሉ ጫፍ ደረቀ። የዓመት ቀለባችን በዚያ ሽንኩርት ላይ ስለነበር ባለቤቴ ትርንጎ «ጸሐፊነትህ ሽንኩርት አያጠጣም፤ ሂድና ጋሽ አሊዪን ለምን» አለችኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በአንድ መስመር ጽሕፈት የሻርኳቸውን ሰው በድሮው ደንብ ውሃ ለመንኳቸው። በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሱኝም። «ልጄ ዘውዴ፣ ዓርብ ድሮም የናንተ ነበር። ኢንሻአላህ ይደርስሃል» ብለው እስከ ደጅ ሸኙኝ።

በማግስቱ፣ የካቲት 26 ቀን፣ ወደ ጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት ዶማቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጓጉንቸርዎን አልነኩም። ከሲሚንቶው ጎን የነበረውን የጥንቱን ቦይ አፍ ጥቂት መትተው ከፈቱና ውሃው ወደ ማሳዬ ገባ። እኔ ሽንኩርቴ መሐል ቆሜ ውሃውን አቀና ነበር። የድርጅቱ ዘበኛ ደርሶ እሳቸውን በነጭቃቸው ሲይዛቸው በዓይኔ አየሁ። አካፋዬን ጣልኩና በበቆሎው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ስሜ ቢጠራ ከሚሰማበት ርቀት ላይ ነበርኩ፤ ጋሽ አሊዪ ቢጣሩ እሰማቸው ነበር። አልተጣሩም።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራው ቃለ ጉባኤ ጻፍ ተብዬ ወደ ቢሮዎ ተጠራሁ። እግሬን ታጥቤ መጣሁ። ለማን ነው የከፈቱት ብለው ክቡርነትዎ ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው። ውሃ የለመነ ሰው ስሙ አይነሳምና፣ ጋሽ አሊዪ ሦስቱንም ጊዜ «ውሃውን በለመደው መንገድ ሰደድኩት» ከማለት በቀር ሌላ አልተነፈሱም፤ ወደ እኔም ቀና ብለው አላዩም። ያላዩኝ ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸው እንዳያሳብቅብኝ እንደሆነ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። ጾመኛ ነበርኩ። በጾመኛ አፌ ምንም ሳልናገር በእጄ «ውሃው የፈሰሰበት ማሳ አልታወቀም፤ ተከሳሹ ያለ ምክንያት የሕዝብ ውሃ አባክነዋል» ብዬ ጻፍኩ። ተነብቦላቸው ልክ ነው ወይ ሲባሉ «ጸሐፊው ያውቃል» አሉና አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ።

ክቡርነትዎ ወረቀቱን ተቀብለው ጽሕፈቴ ንጹሕ ነው ብለው አመሰገኑኝ። እኔም እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

6ኛ/ ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሊሞላ ነው። ጋሽ አሊዪ እስከ ዛሬ በጣቢያ ናቸው፤ ጉዳያቸው ያልታየውም የማሳው ባለቤት ተጣርቶ እስኪታወቅ ይቆዩ ብሎ ድርጅትዎ ስለጻፈ ነው። ለማጣራቱ ላደረጋችሁት ጥረት አመሰግናለሁ፤ ሁለት ጊዜ በላንድሮቨር መጥታችሁ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቃችሁት እኔን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባለቤቱን ያውቃል። እትዬ ጌጤ ያውቃሉ፣ የግርጌው ሰው ያውቃል፣ ቄሱም ሼሁም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ደንቡ ደንብ ስለሆነ ማንም ስሜን አያነሳም። አራት ወር ሙሉ ሸሽጎ ያኖረኝ ያው ምክንያት የለውም ብዬ የጻፍኩበት ልማድ ነው።

እውነቱን ልናገር ሁለት ጊዜ ወደ እርስዎ መጥቼ ነበር። አንደኛውን ጊዜ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ሄደዋል ተባልኩና ደስ እያለኝ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ጊዜ እርስዎ ነበሩ። በሩ ጋ ስደርስ ዘበኛውን ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠይቄ ተመለስኩ። እሱም ሰዓት የለኝም አለኝ።

ዛሬ ረመዳን ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የጋሽ አሊዪ ልጅ ራቢዓ የአባቷን ማፍጠሪያ ይዛ በየቀኑ ከግርጌ ሰፈር እስከ ጣቢያው በእግሯ ትሄዳለች፤ መንገዷ በደጄ ነው። ትናንት እንደ ወትሮዋ ቆም ብላ፣ ጋሽ ዘውዴ እንደምን ዋሉ፣ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ አለችኝ። ታውቃለች። እያወቀች ነው ልጆቼን የምትጠይቀኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። አባቷን ስጠይቃት ጉልበታቸው እንዳስቸገራቸው፣ ለሶላት የሚነሡት ግድግዳ ተደግፈው እንደሆነ ነገረችኝ፤ ቀጥላም ለርስዎም ሰላም ብለዋል አለችኝ። ቤት ገብቼ የቀረበልኝን መብላት አቃተኝ። ዕፍረት እንደ ወባ አንዘፍዝፎ የሚለቅ ይመስለኝ ነበር፤ የኔ ግን እንደያዘኝ አለ።

ክቡር ጓድ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እኔ ባለቤቱ ዝም ብዬ ጎረቤቴ ታሰሩልኝ። ስለዚህ ድርጅቱ ሲፈልገው የኖረው የማሳ ባለቤት መገኘቱን በደስታ አበሥርዎታለሁ። ዘውዴ በላይ ይባላል። ውሃውን ለምኖ ያስከፈተው እሱ ነው፤ የካቲት 26 ቀን የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ሐሰት ነው፤ ሐሰቱንም የጻፈው እሱ ነው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከቢሮዎ በር እገኛለሁ፤ ጋሽ አሊዪ በወጡበት በር እኔን ያስገቡኝ። ይህን ደብዳቤ ለትርንጎ ሳነብላት ይቅርብህ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተነሥታ ብርድ ልብሴን አጠበችልኝ።

የግል ጉዳዬን ከጨረስኩ በኋላ ለሕዝብ አንዲት ነገር ልለምን። ድርጅቱ ተፋሰሱን ያስተዳድር፣ ግድቡም ይኑር፤ ዓርብን ግን ለራስጌ፣ እሑድን ለግርጌ ይመልስልን። ምክንያት አለው። ምክንያቱም አንዱ ፈጣሪውን ሲያመሰግን ሌላው ማሳውን እንዲጠብቅለት ነው፤ ይህን በቅጹ ላይ ለመጻፍ ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ አያስፈልገኝም ነበር።

ስለሚወሰድብኝ እርምጃ ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ክቡርነትዎ ወደ ላቀ ኃላፊነት እንዲያድጉና ከወንዛችን በተቻለ መጠን ርቀው እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ትእዛዝዎን እንደ ወትሮው ፈጥኜ፣ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ ለመፈጸም እጠባበቃለሁ።

ዘውዴ በላይ
የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ፣ እስከ ሰኞ

ግልባጭ፦
ለራስጌና ለግርጌ ሰፈር ሰው
ለጋሽ አሊዪ፣ ጣቢያ፤ አራተኛ ቅጂ፣ በልጃቸው በራቢዓ እጅ፣ ማንበብ የሚችል እስረኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሚያዝያ የድርጅቱ ሁለተኛ ዓመት ሲከበር፣ በንግግርዎ መሐል በእጅዎ ከፍ አድርገው «የተደራጀ ውሃ ፍሬው ይህ ነው» ብለው ያሳዩን፣ በኋላም በበጉ ወጥ ውስጥ ገብቶ ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ሁሉ ያደነቁት ሽንኩርት ያ የዓርቡ ውሃ ያበቀለው ነው። ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ አብሬያችሁም በልቻለሁ፣ አጨብጭቤያለሁም። የተሰረቀ የሕዝብ ሀብት የበላ ሁሉ ይጠየቅ የሚባል ከሆነ ጣቢያው ስለሚጠበን ቢታሰብበት መልካም ነው። ከዚያ ሽንኩርት አንዲት እንኳ ያልቀመሱት ጋሽ አሊዪ ብቻ ናቸው።